ነፋሱ ሲመጣ የጎረቤቱ ቤት ስንት ያወጣል?

(በሐሙሲት ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)



ትናንት ገበያ ውላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የጋዜጠኛ ወሬ ልትሰሙ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ርዕሴን የነገርኳቸው አንድ አባት «ብላችሁ ብላችሁ ደግሞ ነፋሱን ልትሸጡልን ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም። የነፋስ ኃይል ማመንጫ አጠገብ ያለ ቤት ሲሸጥ ዋጋው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው ጥያቄ ለሐሙሲት ሰው የቅንጦት ጥያቄ ይመስላል። ጉና ላይ የሚነፍሰው ነፋስ እስከ ዛሬ እረኛውን ከማንቀጥቀጥና ክምሩን ከመበተን በቀር ለመብራት የሰጠው ነገር የለም።

ይሁን እንጂ መንግሥት ነፋስን እንደ ሀብት መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ናዝሬት አጠገብ የተተከሉት የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖች በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት ይዘው ተነሡ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከመቀሌ ወጣ ብሎ አሸጎዳ በ84 ተርባይኖችና በ120 ሜጋ ዋት ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖችና በ153 ሜጋ ዋት ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በሶማሌ ክልል አይሻ፣ በአርሲ ደግሞ ኢተያ አጠገብ የአሰላው ፕሮጀክት መጣ። የአሰላዎቹ በቁጥር 29 ብቻ ናቸው፤ ግን የአንዱ ክንፍ ሲዞር የሚሸፍነው ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ነው። የምታርሱትን ማሳ በርምጃ ለክታችሁ ገምቱት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገራችን መብራት የውሃ ልጅ ነው። በበጋ ግድቡ ሲጎድል ደጋው ላይ ያለው ነፋስ ይበረታል። ስለዚህ ዛሬ አርሲ ላይ የቆመው ነገ ጋይንት ወይም ፋርጣ ላይ አይቆምም ብሎ መማል አይቻልም። ፕሮጀክት አለ እያልኩ አይደለም፤ ወሬ ነዝቼ መሄድ አልፈልግም። ቀያሹ ካስማውን ተሸክሞ ከመምጣቱ በፊት እንነጋገር ነው የምለው። ከመጣ በኋላማ ንግግሩ ሁሉ «ስንት ትሰጡናላችሁ?» ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ያደረ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የፈረንጆቹን ክርክር ላጫውታችሁ።

በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 7,500 የሚጠጉ የቤት ሽያጮችን መረመረ። ተርባይን በመቆሙ ዋጋ ወድቋል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። «ናሙናው አነሰ» ተባለ። በ2013 እንደገና ከ50,000 በላይ ሽያጮችን ሰበሰበ፤ በ9 ግዛቶች፣ በ67 የነፋስ ማመንጫዎች ዙሪያ። አሁንም ያው መልስ መጣ። የነፋስ ኩባንያዎች ይህን ወረቀት እንደ ሰንደቅ አውለበለቡት።

ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ ማዶ ሌላ ወረቀት መጣ። የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ስቲቨን ጊበንስ የእንግሊዝንና የዌልስን የቤት ሽያጭ አገላብጦ በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ ተርባይኑ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆኖ የሚታየው ቤት ዋጋ በአማካይ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይቀንሳል አለ። የሰውዬው ብልሃት ይገርማል። ተርባይኑ የሚታያቸውን ቤቶች፣ ቅርብ ሆነው ኮረብታ ከጋረዳቸው ቤቶች ጋር አነጻጸረ። የተጋረዱት አልቀነሱም። እንግዲህ ዋጋውን የሚጎዳው ማየቱ ነው ማለት ነው፤ ጠዋት በር ሲከፈት ያ ነጭ ግንድ ፊት ለፊት መቆሙ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ብልጭ ድርግም ማለቱ። ሆላንዶች ደግሞ ቁመቱን ለኩ። ከ150 ሜትር በላይ የሆኑት በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ቤት 5 በመቶ ያህል ይቀንሱታል፤ ትናንሾቹ ግን ብዙም አይጎዱም አሉ።

ከሁሉም እኔን የሳበኝ የበርክሌዮቹ ተመራማሪዎች ራሳቸው ከሌሎች ጋር ሆነው በቅርቡ ያወጡት ነው። ወደ 500,000 ሽያጮች መረመሩ። በዚህኛው ዋጋ ሲወድቅ አገኙ፤ ሰው በበዛባቸው፣ ከ250,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው አውራጃዎች በ1 ማይል ውስጥ ያለ ቤት 11 በመቶ ይወድቃል። የሚወድቀው መቼ ነው? ተርባይኑ ሲቆም አይደለም፤ ሊቆም ነው ተብሎ ሲታወጅ ነው! ማመንጫው ሥራ ከጀመረ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዋጋው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ገጠር አውራጃዎች ላይ ግን ምንም አላገኙም።

ለምን ገጠሩ አልተጎዳም? በእኔ ግምት የአዮዋና የቴክሳስ ገበሬ ተርባይኑን ሲያይ የሚታየው ኪራይ ስለሆነ ነው። መሬቱ የራሱ ነው። ኩባንያው መጥቶ «ከማሳህ ላይ ይህችን ቁራሽ አከራየኝ» ብሎ ይለምነዋል፤ በየዓመቱ ለአንድ ተርባይን ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍለዋል። በቆሎውን እዚያው ግንዱ ሥር ይዘራል። የወረዳው ትምህርት ቤትም ከግብሩ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ተርባይን ቢጮህስ ምን ይላችኋል? ሙዚቃ ነው!

አሁን ይህንን ጥናት ይዘን ሐሙሲት እንምጣ።

እንግሊዝ አገር ቤት ሲሸጥ ዋጋው በመንግሥት መዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው። ፕሮፌሰሩ ቢሮው ተቀምጦ የመላ አገሩን ሽያጭ የቆጠረው በዚህ ነው። እዚህ ከተማ ቤት ሲሸጥ እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ሻጭ፣ ገዥና ደላላ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፣ ግብር ሰብሳቢውም ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ውሉን ትቶ በራሱ ግምት ያስከፍላል። አንዱ ይዋሻል፣ አንዱ አያምንም፣ በመሐሉ ዋጋ የሚባል ነገር ወረቀት ላይ ሳይውል ይቀራል። ነገ አንድ ተርባይን ከከተማው ጫፍ ቢቆምና የአንዷ እናት ቤት በ5 በመቶ ቢረክስ በምን ታረጋግጣለች? ደላላውን በምስክርነት ልትጠራ ነው?

ያ እንግዲህ የከተማው ነው። ገጠሩን ያያችሁ እንደሆነ ጥያቄው ራሱ ክልክል ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ጨመረበት። ደርግ ሄደ፤ መሬቱ ግን ወደ ገበሬው አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል እዚያ ውስጥ ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን ሽግሽግ ተብሎ መሬት ሲቆራረስ፣ «ቢሮክራት» እየተባለ ስንቱ ገበሬ በገዛ ቀዬው የአራት ጥማድ እንግዳ ሆኖ እንደቀረ እዚህ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከዚያ የይዞታ ደብተር መጣ። ደብተሩ ደግ ነገር ነው፤ ጎረቤት ድንበር እንዳይገፋ ከልክሏል። መንግሥት ራሱ ሲመጣ ግን ደብተሩ ካሳ መቀበያ ደረሰኝ ነው።

ገበሬው መሬቱን መሸጥ አይችልም። ቤቱን ግን መሸጥ ይችላል ይባላል። እስቲ አንዱ ይንገረኝ፤ የገጠር ቤት ከቆመበት መሬት ተነጥሎ እንዴት ይሸጣል? ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ማገሩ ተፈትቶ ካልሆነ በቀር!

ታዲያ የእኛ ገበሬ ቤት ዋጋ የሚወጣለት መቼ ነው? ሊፈርስ ሲል ነው። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ዋጋ ያልነበረው ጎጆ፣ ዶዘሩ ሊመጣ ሲል የገማቾች ቡድን ሜትር ይዞ ይመጣለታል። ጭቃው ስንት፣ እንጨቱ ስንት፣ ቆርቆሮው ስንት፣ ባሕር ዛፉ ስንት እግር። ቤቱ የቆመበት ቦታ ግን፣ ከአስፋልቱ ቢርቅም ቢቀርብም፣ ምንጭ አጠገብ ቢሆንም ባይሆንም፣ አይተመንም። ቦታው የእናንተ አይደለማ!

በዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር አለብኝ፤ ሕጉ ከድሮው ተሻሽሏል። በአዋጅ 455/1997 የተፈናቀለ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ 1161/2011 ምትክ መሬት ላላገኘው፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለው የአንዱ ዓመት ገቢው በ15 እንዲባዛ ተደረገ። እንበል አንድ ገበሬ በአማካይ 40,000 ብር፣ ደህና ዘመን ሲሆን 60,000 ብር የሚያገኝበት ማሳ ተወሰደበት። በድሮው 400,000 ብር ይደርሰው ነበር፤ በኋለኛው 900,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት የሚል ካሳም ታክሎበታል። ይህንን ያመጡት ሕግ ረቂቂዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ግን ብሩስ ምን ሆነ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ባለፉት ዓመታት ገቢ የተሰላ ካሳ በዚህ ዓመት ገበያ ይበላል። ማሳ ግን ምርቱን ከገበያው ጋር አብሮ ያሳድገዋል። ጤፍ ሲወደድ ማሳ ያለው አብሮ ይወደዳል፤ ካሳውን ባንክ ያስቀመጠው አብሮ ይረክሳል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1336 ደግሞ ካሳ የመክፈሉን ሸክም ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዛወረው። የማመንጫው ባለቤት ፌዴራል፣ ገንዘብ አውጡ የሚባለው ክልል። ካዝናው የሳሳ ክልል ገበሬውን ሲገምት እጁ እንዴት እንደሚያጥር እናንተው አስቡት።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ተነሺው ነው። የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ግን ያልተነሣው ሰው ነው።

አንድ ተርባይን የሚይዘው መሬት ትንሽ ነው፤ መሠረቱና መንገዱ። ናዝሬትም አሸጎዳም ግንዶቹ መካከል ገበሬ ያርሳል፣ ከብት ይግጣል። አሸጎዳ ሲመረቅ መሬታቸው በሙሉም ሆነ በከፊል የተወሰደባቸው ገበሬዎች 700 ያህል እንደሆኑና ካሳ እንደተከፈላቸው ተነግሮ ነበር። ቁጥሩ የሚቆጥረው መሬቱ የተነካበትን ነው። ከግንዱ 300 ሜትር ርቆ ቤቱ የቆመ፣ አንድ ክንድ መሬት ያልተወሰደበት፣ ሌሊት ያን የክንፍ ሹክሹክታ ሲያዳምጥ የሚያድረው ሰው በየትኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ? አዋጅ 1161 ሳይፈናቀሉም ቢሆን ሥራቸው፣ ንግዳቸው ወይም የቤት ኪራያቸው ለተቋረጠባቸው ሰዎች «የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳ» ብሎ አንድ በር ከፍቷል፤ ጥሩ በር ነው። የቤት ዋጋ መውደቅ ግን በስም አልተጠራም። ዋጋ እንዳለው ያልታመነ ነገር እንዴት ዋጋው ወደቀ ይባላል?

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ ጢስ ዓባይን ታውቁታላችሁ። የደራ ሰው ከዓባይ ወዲህ ማዶ ሆኖ ጭሱን እያየ ያደገ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራችው ጢስ ዓባይ አንድ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ስለነበረች ፏፏቴው ብዙም አልተሰማውም። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የምታመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ስትመጣ ውሃው ወደ ቦዩ ዞረ፤ ፏፏቴው ከገደሉ ላይ ቀጠነ። ፈረንጁ ከባሕር ዳር መጥቶ ድንጋይ አይቶ ተመለሰ። አስጎብኚው ልጅ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ጋቢና ቅል የምትሸጠው እናት፣ ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤት የከፈተው ሁሉ ገበያቸው ቀዘቀዘ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር ጢስ ዓባይ እፎይ አለ፤ ከውሃውም የተወሰነ ተመለሰ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የሻይ ቤቱ ዋጋ ስንት ወረደ? የጻፈው የለም። መሬቱ አልተወሰደበትም፣ ቤቱ አልፈረሰም፣ እይታው ብቻ ተወሰደ። የእንግሊዙ ፕሮፌሰር በመቶኛ ያሰላት እይታ ይህችው ናት።

«ታዲያ ተርባይን ጠላት ነው እያልክ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። መብራት ጠልቶ የሚኖር ሰው የለም፤ እኔም በኩራዝ ያጠናሁ ሰው ነኝ። እንዲያውም በእኛ አገር ዋጋ ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል። ተርባይን የሚተከለው መንገድ ተጠርጎ ነው፤ መንገድ የገባበት ቀበሌ ደግሞ አድሮ አይገኝም። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ስንቱን መንደር ከተማ አደረገ! ፎገራ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ ውሃ እየተኛበት «ምን ይረባል» ይባል የነበረው ማሳ እንዴት እንደተከበረ ታያላችሁ። የቦታ ዋጋ ይነሣል፣ ይወድቃል። ችግሩ ሲነሣ የሚጠቀመው ሌላ፣ ሲወድቅ የሚሸከመው ሌላ መሆኑ ነው።

አሜሪካኖቹ ማስታወቂያው ሲወጣ ዋጋ ይወድቃል አሉ አላልኩም? በእኛ አገር ማስታወቂያው ለሁሉም እኩል አይወጣም። ፕሮጀክት ሲታሰብ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ስብሰባ ውስጥ ላለው ሰው ነው፤ ከእሱ ለወንድሙ፣ ከወንድሙ ለደላላው። ገበሬው ከመስማቱ በፊት አንድ ዘመድ መሳይ ሰው መጥቶ «አባባ፣ ይህችን ጥግ ለልጄ ጎጆ መሥሪያ» ይላል። በደረቅ ሳር ቤት ስም ባዶ ቦታ ይሸጣል። ወዲያው ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። የካሳ ቆጠራው ሲመጣ ቤቱ የተቆጠረው በገዥው ስም ነው። ይህን የሚያደርገው ተርባይኑ አይደለም፤ በአደባባይ የማይሸጥ ነገር በጓዳ ስለሚሸጥ ነው።

ዴንማርኮች ነገሩን እንዴት እንደያዙት ላንሣ፤ በአሰላው ፕሮጀክት ውስጥ ገንዘባቸው አለበትና አግባብ አለው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ተርባይን የሚተክል ኩባንያ የጎረቤትን ቤት ዋጋ ካወረደ ልዩነቱን ይከፍላል። መሬቱን አልወሰደም፣ ቤቱን አላፈረሰም፤ በቃ አጠገቡ በመቆሙ ብቻ። የአካባቢው ሰውም ከማመንጫው 20 በመቶ ድርሻ የመግዛት ቅድሚያ ነበረው። ይህ ሁለተኛው በ2020 ቀርቶ በምትኩ ለጎረቤቶች በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ፣ በጣም ቅርብ ለሆነው ደግሞ «መኖር አልቻልኩም፣ ቤቴን ግዛኝ» የማለት መብት ተተካ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለዴንማርክ ገበሬ ቤት የታሰበው ለኢተያ ገበሬ ቤት ለምን አይታሰብም? የዴንማርክን ገንዘብ ስንበደር ሕጉን አብረን ብንበደር ወለድ የለውም!

ከደቡብ ጎረቤታችን ኬንያም ሌላ ትምህርት አለ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች፣ 310 ሜጋ ዋት ይዞ የቆመ ግዙፍ ማመንጫ አለ። ነፋሱ ግሩም ነው፤ ኬንያ ትኮራበታለች። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ግን የጋራ ግጦሻችን የነበረው 150,000 ኤከር መሬት ሳንጠየቅ ተሰጠ ብለው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ሜሩ የተሰየመው ፍርድ ቤት የመሬቱ ሰነድ የተገኘው ሥርዓቱን ባልተከተለ መንገድ ነው ብሎ ፈረደ። ተርባይኖቹ ከቆሙና መዞር ከጀመሩ በኋላ! ማነው ከዚህ የተጠቀመ? ባለሀብቱ ስጋት ላይ ወደቀ፣ አርብቶ አደሩ ዓመታት ባከነ። ሰዉን አስቀድሞ ማስፈቀድ ለባለሀብቱም ርካሹ መንገድ እንደነበረ የሚያሳይ ነው።

እንግዲህ ቀያሹ ወደዚህ ተራራ የመጣ ዕለት ምን እንጠይቀው? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ርቀት ነው። ከአንድ ግንድ እስከ አንድ መኖሪያ ቤት ስንት ሜትር ትተዋላችሁ? ቃሉን በጽሑፍ ስጡን። ቀጥሎ የአንድ ጊዜ ካሳውን ከዓመታዊው ክፍያ ለይቼ እጠይቃለሁ፤ ማሳው ለተወሰደበት ካሳው ይከፈለው፣ ማመንጫው በየዓመቱ ከሚሸጠው መብራት ደግሞ ለቀበሌው ስንት ሳንቲም ይቀራል? ተርባይን ከሃያ ዓመት በላይ ይዞራል፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ካሳ ሃያ ዓመት አያኖርም። ሽቦው በራሳችን ላይ አልፎ ሲሄድ እኛ ቤት መብራት ይበራል ወይስ አይበራም የሚለውንም አልረሳውም፤ እሱን እንኳ ለማስታወስ ጋዜጠኛ አያስፈልጋችሁም። ግምቱ ካልተስማማን በአዋጅ 1161 እንደተደነገገው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ይቀርባል፤ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ሠላሳ ቀን ማለት በእርሻ ወቅት ሦስት ዝናብ ነው፤ ሳታስቡት ያልፋል።

ላልተነሣው ጎረቤት ግን አቤት ለማለት እንኳ መነሻ ያስፈልገዋል። የ1 ሚሊዮን ብር ቤት በ5 በመቶ ቢወርድ 50,000 ብር ነው፤ በሬ ትገዙበት ይሆናል፣ ላትገዙበትም ትችላላችሁ፣ እንደ ገበያው። ነገር ግን ቤቱ በፊት 1 ሚሊዮን ያወጣ እንደነበር ማን ይመሰክራል?

እዚህ የተቀመጣችሁ የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህራን አላችሁ። አንድ የ50 ሉክ ደብተር ይበቃል። የሰው ስም አይጻፍበት፤ ስም ከገባ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም። የተሸጠበት ወርና ዓመት፣ ቀበሌው፣ የቤቱ ዓይነት፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ከአስፋልቱ ያለው ርቀት፣ በትክክል የተከፈለው ገንዘብ። ከአንበሳሜም ከወረታም ተመሳሳይ ደብተር ቢጀመር ማነጻጸሪያ ይሆናል። ለነፋስ ባይሆን ለመንገድ፣ ለመንገድ ባይሆን ለኃይል ማስተላለፊያ መስመር ይጠቅማል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቤት የሸጠ ወይም የገዛ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ስድስት ሰባት አይጠፋም፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመበታተናችን በፊት ሊሞላ ይችላል። ደላሎችም ካላችሁ ወደኋላ አትበሉ፤ ከማናችንም ይልቅ ዋጋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።